መጥረጊያ የሠራሁበት ኮሌጅ

ለእናቴ የተመደብኩበትን ሥራ የነገርኳት ቀን ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር። "ሄሎ፣ እማዬ? ይሰማሻል?" አልኩ። ይሰማታል። ዝም ብላ ነው። ቆይታ ቆይታ "መጥረጊያ?" አለች። "አሜሪካ ድረስ ሄደሽ መጥረጊያ ልትሠሪ?" ከዛ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ለአክስቶቼ እንዳልናገር ለመነችኝ። ስልኩን ዘግቼ ዶርሜ ውስጥ አለቀስኩ።

እናቴ ክፉ ሆና አይደለም። ያደግኩት ቆቦ ነው፤ የገበሬ ልጅ ነኝ። እኛ ጋ ልጅ ተማረ ማለት እጁ ከሥራ ወጣ ማለት ነው። ሸማኔውንና ሸክላ ሠሪዋን ምን እያልን ስንጠራ እንደኖርን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። አባቴ ማሳ ላይ ጎብጦ ያስተማረኝ እኔ እንዳልጎብጥ ብሎ ነው። እና ከሴት ልጃቸው የመጣላቸው የመጀመሪያው የአሜሪካ ወሬ መጥረጊያ ሆነ።

ኮሌጁ ቤርያ ኮሌጅ ይባላል። ያለው ኬንታኪ ግዛት ውስጥ ነው፤ ከሌክሲንግተን ከተማ ወደ ደቡብ በመኪና ከአንድ ሰዓት በታች ይወስዳል። ተማሪው 1,500 ገደማ ነው። ይህን የምጽፈው ታናናሾቼ በየጊዜው "እህቴ፣ እዛ ኮሌጅ በነፃ ነው አይደል? እንዴት ገባሽ?" እያሉ ስለሚጠይቁኝ ነው። አዎ፣ የትምህርት ክፍያ የለም። ግን ለምን እንደሌለ ያላወቀ ሰው ማመልከቻውንም አሳምሮ አይጽፈውም፣ ቢገባም አራቱ ዓመት ይከብደዋል። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ የሠራሁትን ስህተት ልናገር። አስራ ሁለተኛ ክፍል ስጨርስ አንድ "ስኮላርሺፕ አስጨራሽ" ነኝ የሚል ሰው ተገኘ። አባቴ በሬ ሸጦ ከፈለለት። ሰውየው ለስድስት ኮሌጆች አመለከተልኝ፤ በኋላ ሳየው ለሁሉም የላከው ድርሰት አንድ ዓይነት ነው። የእኔ ሕይወት የለበትም። "ከልጅነቴ ጀምሮ የዓለም መሪ የመሆን ህልም ነበረኝ" ይላል። ስድስቱም አልተቀበሉኝም። ሰውየው ስልኩን አጠፋ። ያ በሬ እስከዛሬ ይቆጨኛል። ለማመልከት ለማንም ደላላ መክፈል የለባችሁም። ፎርሙን ራሳችሁ ትሞላላችሁ፣ ድርሰቱንም ራሳችሁ ትጽፋላችሁ፤ ካልገባችሁ ደግሞ ለኮሌጁ ኢሜይል ስትጽፉ ሰው ይመልስላችኋል። ትንሽ ኮሌጅ አንዱ ጥቅሙ ይኼ ነው።

ከዛ በኋላ የፊዚክስ መምህሬ "ትልቅ ስም አታሳድጂ፣ ትንንሾቹን ፈልጊ" አለኝ። ስፈልግ "ሊበራል አርትስ" የሚል ነገር በየቦታው ይወጣል። እኔም ቤተሰቤም ሥዕል መስሎን ነበር። "ፊዚክስ ትወጂ አልነበር እንዴ፣ ለምን ሥዕል?" አለኝ አባቴ። ነገሩ ሌላ ነው። ሊበራል አርትስ ኮሌጅ ማለት ገና ስትገቡ ወደ አንድ ዲፓርትመንት የማይወረውራችሁ ትምህርት ቤት ነው። እኛ ሀገር ነጥባችሁ ይታያል፣ ትመደባላችሁ፣ ከዛ በኋላ መቀየር መከራ ነው። እዛ ግን መጀመሪያ ከሁሉም ትቀምሳላችሁ። ኬሚስትሪ የምታጠናው ልጅ ታሪክና ሃይማኖት ትወስዳለች፣ ታሪክ የሚያጠናው ልጅ ላብራቶሪ ይገባል። ሁሉም ይጽፋል። በጣም ነው የሚጻፈው! ክፍሉ ትንሽ ስለሆነ ከኋላ ተቀምጦ መደበቅ አይቻልም። በመጀመሪያው የጽሑፍ ክፍሌ አስራ አራት ነበርን፤ መምህሯ ያላነበብኩ ቀን ፊቴን አይታ ታውቅ ነበር።

አሁን ወደ ታሪኩ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ኮሌጁ የተመሠረተው በ1855 ነው። ኬንታኪ ያኔ ሰው እንደ ከብት የሚሸጥበት ግዛት ነበር። መሥራቹ ጆን ፊ የሚባል ሰባኪ ነው። አባቱ ራሱ ባሮች ነበሩት። ፊ ባርነት ኃጢአት ነው፣ ዛሬውኑ ይቁም ብሎ ሲሰብክ አባቱ ልጅነቱን ካደው። ካነበብኩት ሁሉ አልወጣ ያለኝ ግን የጁሊየት ማይልስ ታሪክ ነው። ጁሊየት የፊ አባት ባሪያ ነበረች። ፊ ነፃ ሊያወጣት ከገዛ አባቱ ገዛት። እሷ ነፃ ወጣች፤ ልጆቿ ግን እዛው ቀሩ። በ1858 ልጆቿንና የልጅ ልጆቿን ይዛ የኦሃዮን ወንዝ ልትሻገር ስትል ተያዘች። ወንዙ ማዶ ነፃ ምድር ነው። ልጆቿን ለማስመለጥ በመሞከሯ ተፈረደባትና በ1861 እስር ቤት ውስጥ ሞተች። ይህን ያነበብኩት ማታ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው። መጽሐፉን ዘግቼ ወጣሁ፤ ያን ቀን ሌላ ነገር ማንበብ አልቻልኩም።

መሬቱን ለፊ የሰጠው ካሲየስ ክሌይ የሚባል ባለጸጋ ፖለቲከኛ ነው፤ እሱም ባርነትን ይቃወም ነበር፣ ቀስ በቀስ ይቅር ባይ ቢሆንም። በኋላ ከፊ ጋር በዚሁ ተለያዩ። መንደሯን "ቤርያ" ያላት ፊ ነው፤ ከሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 17 የተወሰደ ስም ነው። የቤርያ ሰዎች "ልበ ሰፊዎች ነበሩ" የሚለውን ታስታውሳላችሁ። የፈረንጆቹ አጠራር ግን ለኛ ጆሮ ሌላ ቃል ይመስላል። አባቴ በስልክ ስሙን ሲሰማ ደንግጦ አስደገመኝ። እኔም መጀመሪያ ለሀገሬ ሰው ስሙን ስናገር እየተሳቀቅኩ ነበር። ያ ቃል እኛ ጋ ዛሬም ስድብ ነው፣ ባርነት በኛም ሀገር በአዋጅ የተሻረው በ1942 ነው፣ ሩቅ አይደለም። ባርነትን ሊቃወም በተሠራ ኮሌጅ ውስጥ ተቀምጬ ስለራሳችን ታሪክ ማሰብ የጀመርኩት በዚህ አጋጣሚ ነው። ቀደም ሲል የኛ ጉዳይ መስሎኝ አያውቅም ነበር።

በ1859 መጨረሻ ባርነትን በመሣሪያ ሊያስቆም የተነሳው ጆን ብራውን ሃርፐርስ ፌሪ በምትባል ከተማ ላይ ባመፀ ማግስት፣ የአካባቢው ሰው የፊ ሰዎች መሣሪያ ያስገባሉ ብሎ ተነሳ። ስልሳ ገደማ የታጠቁ ፈረሰኞች መጥተው በአስር ቀን ውስጥ ግዛቱን ለቃችሁ ውጡ አሏቸው። ወጡ። በባርነት ጉዳይ የተነሳው የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ሲያልቅ ተመለሱ። በ1866 እና 67 የትምህርት ዘመን 187 ተማሪ ነበራቸው፤ 96ቱ ጥቁር፣ 91ዱ ነጭ። ይህን ቁጥር ቆም ብላችሁ እዩት። ከባርነት ነፃ የወጡ ልጆችና የነጭ ድሆች ልጆች፣ ወንድም ሴትም፣ በደቡብ አሜሪካ፣ በአንድ ክፍል። የኮሌጁ መፈክር እስካሁን "እግዚአብሔር የምድርን ሕዝብ ሁሉ ከአንድ ደም ፈጠረ" የሚል ነው።

ታሪኩ ግን ሁሉም ያማረ አይደለም። ኮሌጁም አይደብቀውም፤ ይህን በማድረጋቸው ነው የማከብራቸው። በ1892 ዊልያም ጉዴል ፍሮስት የሚባል ፕሬዝዳንት መጣና ዓይኑን ወደ አፓላቺያ ተራሮች ነጭ ድሆች አዞረ። የጥቁር ተማሪው ድርሻ እየቀነሰ ሄደ። ፊ በሕይወት ነበር፤ ቅር አለው። ከዛ በ1904 የኬንታኪ ምክር ቤት "የዴይ ሕግ" የሚባለውን አወጣ። ጥቁርና ነጭ በአንድ ትምህርት ቤት እንዳይማሩ ይከለክላል። ግዛቱ ውስጥ ሁለቱን አብሮ የሚያስተምር ኮሌጅ የነበረው ይኼው አንዱ ስለነበር ሕጉ ለማን እንደተሰፋ ግልጽ ነው። ኮሌጁ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄደ፤ በ1908 ተፈረደበት። ራሱ የኬንታኪ ሰው የሆነው ዳኛ ጆን ማርሻል ሃርላን በልዩነት ጻፈ፤ ግን ብዙኃኑ አሸነፈ። ኮሌጁ ለጥቁር ተማሪዎች ሊንከን ኢንስቲትዩት የሚባል ትምህርት ቤት ሌላ ቦታ እንዲከፈት አደረገ፤ በ1912 ተከፈተ። በሩን ለጥቁር ተማሪ መልሶ የከፈተው ሕጉ በ1950 ሲሻሻል ነው። ለአርባ ስድስት ዓመት ያ የ"አንድ ደም" መፈክር የነጭ ብቻ በሆነ ጊቢ ላይ ተጽፎ ነበር ማለት ነው።

ሕጉ ከመውጣቱ ከአንድ ዓመት በፊት፣ በ1903፣ ከተመረቁት አንዱ ካርተር ውድሰን ነው። ወላጆቹ ባሮች ነበሩ፤ እሱ የድንጋይ ከሰል ማዕድን ውስጥ ሠርቷል። ዛሬ በየካቲት አሜሪካ የሚያከብረው የጥቁሮች ታሪክ ወር መነሻው ውድሰን በ1926 የጀመረው ሳምንት ነው። አሁን ጊቢው ውስጥ በስሙ የተሰየመ ማዕከል አለ። በቅርቡ ዘመን ደግሞ ጥቁር አሜሪካዊቷ ጸሐፊ ቤል ሁክስ ከ2004 ጀምሮ እዛ አስተምራለች፤ በ2021 ያረፈችውም እዛው ከተማ ነው። የኖቤል ተሸላሚው ኬሚስት ጆን ፌንም የዚሁ ኮሌጅ ተመራቂ ነው፣ የ1937።

ክፍያው የቆመው በ1892 ነው። ከዛ ወዲህ ማንም ተማሪ የትምህርት ክፍያ ከፍሎ አያውቅም። ታዲያ ገንዘቡ ከየት ይመጣል? በ1920 የኮሌጁ ቦርድ አንድ ውሳኔ ወሰነ። ሰዎች በኑዛዜ የሚተዉለት፣ ለዚህ ይዋል ያልተባለ ገንዘብ ሁሉ እንዳይበላ፣ ቋሚ ገንዘብ ላይ እንዲደመር። ያ ገንዘብ ዛሬ ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ ሆኗል። ከትርፉ ነው አብዛኛው ወጪ የሚሸፈነው። አባቴ ይህን ሲሰማ "ዘሩን አልበሉትም ማለት ነዋ" አለ። እኔ ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ አልጻፍኩም፤ የሚቀጥለውን ዓመት ዘር የበላ ገበሬ ምን እንደሚሆን ቆቦ ያለ ሰው ሁሉ ያውቃል።

ይህን ሁሉ የማወራው ለወሬ አይደለም። ቪዛ ልጠይቅ መስኮቱ ፊት ስቆም ቆንስሉ ወረቀቴን አገላብጦ የጠየቀኝ ዋናው ጥያቄ "ለምንድነው በነፃ የሚያስተምሩሽ?" የሚል ነው። ከኔ በፊት የነበረው ልጅ "ጎበዝ ስለሆንኩ" ብሎ ሲመልስ ሰምቻለሁ። እኔ ከ1892 ጀምሮ ማንንም እንደማያስከፍሉ፣ የሚቀበሉትም አቅም የሌለውን ተማሪ መሆኑን፣ ሁሉም ተማሪ እንደሚሠራ ነገርኩት። ምን እንደምሠራ ጠየቀኝ። "ገና አልተመደብኩም፣ የሰጡኝን" አልኩ። ቪዛው ተሰጠኝ። ለምን እንደሰጠኝ እሱ ነው የሚያውቀው፤ ግን ስመልስ አልተንተባተብኩም።

እንግዲህ ሥራው። ሁሉም ተማሪ በሳምንት ቢያንስ አስር ሰዓት ይሠራል። ሀብታም ድሃ የለም፤ ሀብታም አይገባማ። ወጥ ቤት የሚሠራ አለ፣ ቤተ መጻሕፍት አለ፣ እርሻው ላይ አሳማና ከብት የሚጠብቅ አለ፣ ቡን ታቨርን የሚባለው የኮሌጁ ሆቴል ውስጥ እንግዳ የሚያስተናግድ አለ። ሆቴሉ ከ1909 ጀምሮ ያለ ነው፣ በማንኪያ የሚበላ ለስላሳ የበቆሎ ዳቦ ያቀርባሉ፣ ከቻላችሁ ቅመሱት። ሲመረቁ ከትምህርቱ ውጤት ጋር የሥራ ውጤትም አብሮ ይሰጣል። ሥራ የቀረ ሰው ክፍል እንደቀረ ነው የሚቆጠረው። ክፍያው ትንሽ ነው፣ በመጀመሪያው ዓመት በተለይ፤ ለሳሙናና ለስልክ ይሆናል እንጂ ለቤተሰብ ለመላክ ብላችሁ አትሂዱ። ይህን በግልጽ የምናገረው፣ ገንዘብ ይልካል ተብሎ የተጠበቀ ልጅ ምን ያህል እንደሚጨነቅ ስላየሁ ነው። ከመሄዳችሁ በፊት ለቤተሰብ ቁጭ ብላችሁ አስረዱ።

እኔ የተመደብኩት የመጥረጊያ ወርክሾፕ ነው። ከ1920 ጀምሮ ሲሠራ የቆየ ነው። ፈረንጆቹ ጥሬ ዕቃውን "የመጥረጊያ በቆሎ" ነው የሚሉት፤ እኔም በቆሎ መስሎኝ ገባሁ። ጥግ ላይ የተከመረ ነዶ አየሁ። ቀረብ ብዬ አንዷን አነሳሁ። አሸተትኳት። ማሽላ!

ቆቦ ያደገ ሰው ማሽላ አይጠፋውም። ልጅ ሆኜ ማማ ላይ ወጥቼ በወንጭፍ ወፍ ጠብቄያለሁ፣ ጥንቅሹን በጥርሴ ልጬ በልቻለሁ፣ አገዳውን ተሸክሜያለሁ። ይኼኛው ራሱ እንደኛው ጥቅጥቅ ያለ ፍሬ አይዝም፤ ረጃጅም፣ ቀጫጭን ጭራ ነው የሚያወጣው። ዘሩ ግን ያው ነው። ማሽላ ከኛው ከሰሜን ምሥራቅ አፍሪካ ወጥቶ ነው ዓለምን ያዳረሰው። ለኃላፊያችን "ይህ እኮ የአባቴ ሰብል ነው" አልኳት። ሥራዋን አቁማ "እስኪ ንገሪኝ" አለችኝ። በተሰባበረ እንግሊዝኛ ስለ ጠላው፣ ስለ እንጀራው፣ ስለ ወንጭፉ ነገርኳት። አሜሪካ ከገባሁ ጀምሮ ስለምን እንደማወራ በደንብ አውቄ ያወራሁት ያን ቀን ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ነዶው መጀመሪያ ውኃ ውስጥ ይነከራል፤ ደረቁን ከነካችሁት ይሰበራል። እጀታው በእግር እየተረገጠ የሚዞር ማሽን ላይ ይታሰራል። በእግር ታዞራላችሁ፣ ሽቦው ተወጥሮ ይጠመጠማል፣ በእጅ ማሽላውን ትንሽ ትንሽ እያደረጋችሁ ከሥሩ ታስገባላችሁ። ሽቦው ከላላ መጥረጊያው በሳምንቱ ይረግፋል። ከዛ ሞርሳ በመሰለ መጭመቂያ ተይዞ ጠፍጣፋ ይሆንና በወፍራም ክር በእጅ ይሰፋል። መርፌው ረጅም ነው፤ መዳፍ ላይ ቆዳ ታስሮ ነው የሚገፋው። የመጀመሪያዬ ጠማማ ወጣ። ሁለተኛ ዓመት የሆነች ከኬንታኪ ተራሮች የመጣች ልጅ ምንም ሳትናገር ሽቦውን ፈታችና እጀታውን መልሳ ሰጠችኝ። ሦስት ጊዜ ፈታችብኝ። አራተኛውን አገላብጣ አየችና መደርደሪያው ላይ አስቀመጠችው።

ስለዚህች ልጅ ትንሽ ልበል። አባቷ የከሰል ማዕድን ሠራተኛ ነበር፤ ሳንባው ታሞ ቤት ቀርቷል። ከቤተሰቧ ኮሌጅ የገባች የመጀመሪያዋ ናት። አሜሪካዊ ድሃ አለ ብትሉኝ አላምንም ነበር። አንድ የምስጋና ቀን ቤቷ ወሰደችኝ፤ እናቷ ልክ እንደ እናቴ "ብዪ እንጂ፣ ምንም አልበላሽም" እያለች ታስጨንቀኝ ነበር። ከትልቅ ዩኒቨርሲቲ ይህ አይገኝም ማለቴ አይደለም። ግን ሁሉም ችግር አይቶ በመጣበት ጊቢ ውስጥ የጫማችሁን መቀደድ የሚያይ የለም።

ከባዱን ልንገራችሁ። ከተማዋ ትንሽ ናት፣ ማታ ጭር ትላለች። መኪና የሌለው ሰው የትም አይሄድም። እንጀራ የምናገኘው ሌላ ከተማ ያለ የሀገር ሰው ሲያመጣልን ነበር፤ የበዓል ቀን ትምህርት አለ፣ ገና ላይ ክፍል ገብቼ ጠረጴዛው ላይ እንባዬ ጠብ ብሏል። ትምህርትና ሥራ ሲደራረቡ እንቅልፍ ይጠፋል። በመጀመሪያው መንፈቅ ካልኩለስ ሊጥለኝ ነበር። ያዳነኝ ለመምህሩ ሄጄ "አልገባኝም" ማለቴ ነው። እኛ መምህር መፍራት አክብሮት ነው ብለን አድገናል፤ እዛ ቢሮው ሳይሄዱ መውደቅ ነው ነውሩ። በሳምንት ሁለት ቀን ቢሮው እየተቀመጥኩ ተረፍኩ።

ደስታውም አለ። በጥቅምት አካባቢ የተራራ ቀን የሚባል በዓል አላቸው። ትምህርት ይዘጋል፣ ተማሪው ሁሉ ገና ሳይነጋ የኮሌጁ ጫካ ውስጥ ያለውን ፒናክልስ የሚባል ተራራ ይወጣል። ፀሐይ ስትወጣ ሁሉም ዝም ይላል። ቅጠሉ ቀልቶ ቢጫ ሆኖ እስከ ዓይን ጥግ ተራራ ነው። እኔ የዞብል ተራራ ነው ትዝ ያለኝ። ስልኬን አውጥቼ ለእናቴ ፎቶ ላክሁላት፤ "ሀገር እንደኛ ነው እንዴ?" ብላ መለሰች። ከመጥረጊያው ወሬ በኋላ ሳትከፋ የመለሰችልኝ የመጀመሪያው እሱ ነው።

አሁን ማመልከት ለምትፈልጉ። በዓመት የሚቀበሉት የውጭ ተማሪ ከመላው ዓለም ሰላሳ ገደማ ነው፤ ስለዚህ እዚህ ብቻ አታመልክቱ። ለገቡት የመጀመሪያው ዓመት ትምህርት፣ መኝታና ምግብ ይሸፈናል። ከዛ በኋላ ግን በየክረምቱ እረፍት ሠርታችሁ በዓመት 1,000 ዶላር ያህል ቆጥባችሁ ታዋጣላችሁ፤ የክረምቱን ሥራ ኮሌጁ ይሰጣል። ይህ ነገር ስለሚለዋወጥ በምታመለክቱበት ዓመት የኮሌጁን ገጽ ራሳችሁ አንብቡ፤ የቴሌግራም ቻናል አትመኑ። የአውሮፕላን ቲኬት፣ የቪዛ ክፍያና 350 ዶላር የሴቪስ (ቪዛ ከመጠየቅ በፊት የሚከፈል የውጭ ተማሪ ምዝገባ) ክፍያ የራሳችሁ ጣጣ ነው፣ ቀድማችሁ አስቡበት። ላፕቶፕ አትግዙ፤ ኮሌጁ ይሰጣል፣ ስትመረቁም ይዛችሁ ትሄዳላችሁ። የእንግሊዝኛ ፈተናውን ቀድማችሁ ውሰዱ። የቤተሰብ ገቢ ማስረጃ ይጠይቃሉ። የገበሬ ልጅ ከሆናችሁ ደሞዝ ወረቀት የለኝም ብላችሁ አትሸበሩ፤ እኔ ከቀበሌ ደብዳቤ አጽፌ፣ የመሬቱን ስፋትና የሚሸጠውን እህል በዝርዝር ጽፌ ላክሁ።

ድርሰቱ ላይ ግን ጊዜያችሁን አጥፉ። የሚያነቡት ሰዎች ሥራን የሚያከብሩ ናቸው። ውኃ መቅዳት፣ ሱቅ መጠበቅ፣ ታናናሾችን ማሳደግ፣ ጠዋት እንጀራ ጋግሮ ትምህርት ቤት መሄድ፣ ይህን "እንዲህ ነው እንዴ ለፈረንጅ የሚጻፈው" ብለን የምንደብቀውን ነገር ጻፉት። ስንት ሰዓት እንደምትነሱ፣ ምን እንደምትይዙ፣ ምን እንደሚያቅታችሁ ይታይ። ሁለተኛ ዙር ሳመለክት እኔ የጻፍኩት ስለ ተሸጠው በሬ ነው።

እናቴ አሁን መጥረጊያው አላት። ለመጀመሪያ ጊዜ ስመለስ በሻንጣዬ ይዤላት መጣሁ፤ ቀይና ጥቁር የተቀባ፣ በራሴ እጅ የተሰፋ። አባቴ ስፌቱን በጣቱ እየዳሰሰ ሽቦውን ጎተት ጎተት አደረገው። አልላላም። እሷ ግን ጠርጋበት አታውቅም። ሳሎን ግድግዳ ላይ፣ ከምረቃ ፎቶዬ ጎን ሰቅላዋለች። አክስቶቼ ሲመጡ ከእኔ በፊት ታወራለች።

ታናሽ ወንድሜ ዘንድሮ ማመልከቻውን እየጻፈ ነው። የመጀመሪያው ረቂቁ "ሀገሬን መርዳት እፈልጋለሁ" ብሎ ይጀምር ነበር። መልሼ ላክሁለት፤ "ሀገርህን የት ሆነህ ነው ያየኸው?" ብዬ ጠየቅሁት። ትናንት ማታ አዲሱ ደረሰኝ። የሚጀምረው ማማው ላይ ነው፣ ንጋት አስራ አንድ ሰዓት፣ ወንጭፉ በእጁ፣ ወፎቹ ገና ሳይነሱ።